ለማን አየኸው?

አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር አሉ፤ መዝገቡ የጠራ፣ እንቅልፉ የጠፋ። ሰኔ በገባ ቁጥር ሆዱ ይታወካል። ሰኔ 30 ለተማሪ የቂም መወጫ ቀን ነው፤ ለእርሱ የበጀት መዝጊያ። ሌሊት ተጋድሞ ቁጥር ይደምራል፣ ሲነጋ ድምሩ ይጠፋዋል።

«ሩጥ» አሉት። «እሑድ እሑድ እንጦጦ ውጣ። ጭንቀትህን ባሕር ዛፉ ሥር ጥለኸው ትመለሳለህ። ደግሞ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ፣ ሰው ታውቃለህ።»

ከምክሩ ሁለተኛው ገባው። ቱታ ገዛ፤ ከቱታው በፊት ግን ቢዝነስ ካርድ አሳተመ።

ጫካው አፋፍ ላይ አንድ ሽማግሌ አሠልጣኝ የሚመሩት ቡድን አገኘ። ሾፌር አለበት፣ ገንዘብ ያዥ አለበት፣ የግዥ ሠራተኛ አለበት፣ አንድ የባንክ ኃላፊም አሉበት። ሰውነት ሲያፍታቱ ኃላፊውን ጠጋ ብሎ ካርዱን በሁለት እጁ ሰጣቸው። ጨዋ ሰው ናቸው፤ አመስግነው ቱታቸው ኪስ ከተቱት። ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ለሳንባ እንኳ አይበቃም፤ ለትውውቅ ከየት ይመጣል?

አሠልጣኙ መጨረሻ ላይ አሰለፉት። «እግር እይ» አሉት። ሰዎቹ በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ፣ በአንድ ረድፍ ይሮጣሉ። ፊት ያለው ጉድጓድ ወይም ሥር ሲያይ እጁን ወደ ኋላ ወርወር አድርጎ መሬቱን ያመለክታል፤ ሁለተኛው ለሦስተኛው፣ ሦስተኛው ለአራተኛው። ምልክቱን እየተቀባበሉ መጨረሻው ሰው ድረስ ያወርዱታል። የሒሳብ ሠራተኛው በዚህ ምልክት ስንት ጊዜ ከመውደቅ እንደ ዳነ ልብ አላለውም። የሯጭ ልማድ መሰለው። በልቡ ግን ይቆጥራል፤ በእርሱና በባንክ ኃላፊው መካከል ስንት ሰው እንዳለ።

አንድ እሑድ አሠልጣኙ «ዛሬ ፊት ምራ» አሉት። ዞር ብሎ ቢያይ ተከታዩ ማን ነው? ኃላፊው! ደስ አለው፤ ጉልበቱን ሊያሳያቸው ረገጠው። ቁልቁለቱ ላይ አንድ ሹል ድንጋይ ከሣሩ ብቅ ብሏል። አየው። ዘለለው፤ ደግሞም አሳምሮ ነው የዘለለው። ከኋላው «ዷ!» አለ። ኃላፊው በጉልበታቸው ተደፍተዋል።

አሠልጣኙ ቀስ ብለው ደረሱ።

«ድንጋዩን አየኸው?»

«አየሁት ጋሼ። ዘለልኩት'ኮ።»

«ለማን አየኸው?»

ዝም አለ። ኃላፊው ለደማው ጉልበታቸው መሐረብ ፍለጋ ኪሳቸውን ቢዳብሱ፣ ከቱታው ጋር ታጥቦ የሻገተ የወረቀት ጥቅልል አወጡ። «ይሄ ደግሞ ምን ነበር?» አሉ። የሚያውቅ ሰው አልተገኘም፤ ባለቤቱም ጭምር።

በሚቀጥለው እሑድ ወደ መጨረሻ ሊሄድ ሲል አሠልጣኙ ክንዱን ይዘው ፊት አቆሙት። በሚቀጥለውም እንዲሁ። እጁ ማመልከት ለመደ። ለሌላው ድንጋይ ሲፈልግ ቁጥር መደመሩን መርሳቱ የገባው ከብዙ እሑዶች በኋላ ነው።

ሰኔ ደረሰ። ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ አቅራቢ የመጣ ደረሰኝ የማሽን ቁጥሩ አልገጥም አለው። ዱሮ ቢሆን ማስታወሻ ጽፎ፣ ራሱን አንጽቶ፣ ዝም ነበር፤ ይህን ዝላይ ያውቅበታል። አሁን ስልክ አነሣ። ለገንዘብ ያዡ ደወለ፣ ለግዥ ሠራተኛው ደወለ፦ «ከዚያ ሰው የገዛችሁ እንደ ሆነ ደረሰኙን አጣሩ።» እነርሱም ለሚያውቁት ደወሉ። በሁለተኛው ቀን አንዲት የማያውቃት ሴት ደወለችለት። «ስለ ደረሰኙ የነገርከን አንተ ነህ አሉ። እኛ ጋ ኦዲተሮቹ የንብረት ቆጠራውን ከመዝገብ ጋር አስተያይተው ነው የጀመሩት፤ ቀድመህ እየው።» አየው። ሦስት ወንበር ጎድሏል። ወንበሮቹን አስፈልጎ አገኘ፤ ያን ሌሊትም ተኛ።

የባንክ ኃላፊው ሥራ ሰጡት ወይ? እንጃ። ጉልበታቸው እስኪሽር አልሮጡም።

ሩጫ ሰኔን አያሳጥርም። ክፉ አለቃንም ደግ አያደርግም፤ ያደርጋል ብሎ የሚመክር ሰው ቱታ ሻጭ መሆን አለበት። ሰውዬው ያገኘው ሌላ ነገር ነው፤ ያገኘውም በካርድ አይደለም። ታላላቆቹ ሯጮችም ለሌላው ማየትን ያውቁበታል። በነሐሴ 1996 ዓ.ም. አቴንስ ላይ፣ በ10,000 ሜትር ፍጻሜ፣ ቀነኒሳና ስለሺ ጉዳት ይዞት ወደ ኋላ የቀረውን ኃይሌን ዞር ዞር እያሉ ሲፈልጉት ዓለም አይቷል። የኦሊምፒክ ወርቅ ፊታቸው ተቀምጦ! ዞር ማለታቸውም ወርቁን አላስቀረባቸውም፤ ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ ወጡ፤ ኃይሌ አምስተኛ።

በየመሥሪያ ቤቱ ደግሞ ሌላ ዓይነት ስፖርት አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚደረግ፣ አለቃው ኳስ ሲይዝ ተከላካይ ሁሉ የሚጠፋበት እግር ኳስ። ጎል ይገባል፣ ይጨበጨባል፣ ስልክ ይለዋወጣሉ። ሰኔ 28 ቢደወልበት ግን የሚያነሣው የለም።