ዕዳው ለማን ይተላለፋል?

በደል የፈጸመ መንግሥት አልፎ ሌላ ሲተካ፣ ተተኪው ስለ ቀዳሚው ጥፋት ይቅርታ መጠየቅና ካሣ መክፈል ይገባዋልን? «እኛ አላደረግነውም» የሚለው መልስ ለአፍ የቀለለ ነው። ይሁን እንጂ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ የአባቱን መሬት እያረሰ የአባቱን ዕዳ አላውቅም የሚለውን ወራሽ አያከብርም። እንግዲህ ሁለት ነገሮችን መለየት ያሻናል፤ ኀጢአት የሠሪው ነው፤ ዕዳ ግን ከውርሱ ጋር ይተላለፋል። ግብሩን፣ መዝገቡንና መሬቱን የተረከበ መንግሥት ዕዳውንም ተረክቧል።

በአገራችን ይህን ጥያቄ ከሚያስነሡት አንዱ የ1977 እና የ1978 ዓ.ም. ሠፈራ ነው። የደርግ መንግሥት በረኀቡ ምክንያት ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሰሜን ሸዋና ከጎንደር ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ከፋ አጓጓዘ። በፈቃዱ የሄደ ነበረ፤ ከገበያና ከእህል ማከፋፈያ ተይዞ የተጫነም ነበረ። ባል ከሚስቱ፣ ልጅ ከወላጁ ተለያየ፤ ወባና ድካም ብዙዎችን ቀጠፈ። በመተከልም የጉሙዝ ሕዝብ ሳይጠየቅ መሬቱ ለሠፋሪ ተሰጠ። ይህ ሁሉ ለሕዝቡ ደኅንነት ተብሎ የተደረገ ነው።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ባለሥልጣናቱ ተከሰው በ1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋትና በግድያ ጥፋተኞች ተባሉ። ፍርድ ቤት ግን በዳይን ይቀጣል እንጂ የተበተነ ቤተሰብን አይሰበስብም። ሠፈራ በ1995 ዓ.ም. እንደገና ሲጀመር በክልል ውስጥና በፈቃደኝነት እንዲሆን፣ ሠፋሪውም የቀየውን መሬት ወዲያው እንዳያጣ ታሰበ። ይህ ከጥፋት መማር ነው፤ መማር ግን ኑዛዜን አይተካም።

ኑዛዜና ካሣ በአንድነት ሲሞከሩ ለማየት ወደ ካናዳ እንመልከት። በዚያ ከ150,000 በላይ የነባር ሕዝቦች ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥለው፣ በቋንቋቸው እንዳይናገሩ ተከልክለው በአዳሪ ትምህርት ቤቶች ኖረዋል። መንግሥቱ በ1998 ዓ.ም. የካሣ ስምምነት ፈረመ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ስቲቨን ሃርፐር ሰኔ 4 ቀን 2000 ዓ.ም. በምክር ቤት ይቅርታ ጠየቁ፤ የእውነትና የእርቅ ኮሚሽኑም የተጎጂዎችን ቃል ሰምቶ በ2007 ዓ.ም. 94 ጥሪዎችን አቀረበ። ከትምህርት ቤቶቹ ብዙዎቹን ይመሩ የነበሩት የካቶሊክ ማኅበራት 25 ሚሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ ተስማምተው ሳለ የተሰበሰበው 4 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። ጳጳሳቱ 30 ሚሊዮን ለመስጠት ቃል የገቡት፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በስፍራው ተገኝተው ይቅርታ የጠየቁት ዘግይቶ በ2014 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ መንግሥትን ዕዳህን ክፈል የምንል ሁሉ የራሳችንንም መዝገብ መግለጥ ይገባናል።

በእኛም ዘንድ ሙከራ አልታጣም። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመውና ብፁዕ ካርዲናል ብርሃነየሱስ የመሩት የእርቀ ሰላም ኮሚሽን በ2014 ዓ.ም. ዘመኑ አበቃ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የወጣው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እውነትን ማፈላለግንና ማካካሻን ይጨምራል፤ የወጣው ግን በአማራ ክልል ጦርነት ባልቆመበት ጊዜ ነበር። ቤቱ በሰላም ያላደረ ሰው የትናንቱን በደል ያለ ፍርሃት ሊመሰክር አይችልም።

ቤተ ክርስቲያን በምሥጢረ ንስሐ ጸጸትን፣ ኑዛዜንና ካሣን አትለያይም። ዘኬዎስም መጸጸቱን የገለጠው የወሰደውን አራት እጥፍ ሊመልስ በመነሣቱ ነው። ካሣውም አዲስ በደል እንዳይወልድ ከደጋ የተነቀለውም፣ መሬቱ የተወሰደበት ጉሙዝም በአንድ ሸንጎ ሊሰሙ ይገባል።

በ1977 ዓ.ም. ጎልማሳ የነበረ ዛሬ ሸምግሏል። ገንዘብ ቢዘገይ ነገ ሊከፈል ይችላል፤ የምስክሩ ቃል ግን ከእርሱ ጋር ይቀበራል። ስለዚህ ከዕዳው ሁሉ አስቀድሞ የሚከፈለው የተወሰዱትን በየስማቸው መጠየቅና መመዝገብ ነው።