ታሪኳን እስክትጨርስ መጠበቅ



ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ ምዕራፍ 5 ላይ 12 ዓመት ሙሉ ደም ሲፈስሳት ስለ ኖረች አንዲት ሴት ይተርክልናል። ከሐኪም ወደ ሐኪም ስትንከራተት ገንዘቧን ጨርሳ ነበር፤ ሕመሟ ግን ከመሻል ይልቅ ባሰባት። በሕዝቡ መካከል በስተኋላ መጥታ የጌታችንን ልብስ ነካች፤ ወዲያውም ዳነች። ስብከታችን ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል። ተአምሩ ስለ ተፈጸመ ታሪኩም ያለቀ ይመስለናል። ጌታችን ግን መንገዱን አቋርጦ ቆመ፤ ማን እንደ ነካውም ጠየቀ። ሴቲቱ እየፈራችና እየተንቀጠቀጠች ወጥታ በፊቱ ወደቀች፤ የሆነውንም አንድ ሳታስቀር ነገረችው።

በዚያች ሰዓት ማን በአጠገቡ እንደ ቆመ አስተውሉ። የምኵራቡ አለቃ ኢያኢሮስ ነው፤ ልጁ በሞት አፋፍ ላይ ናት። የ12 ዓመት መከራ ደግሞ በሁለት ቃል ተነግሮ አያልቅም። ሴቲቱ ስትናገር አባትየው በልቡ ምን ይል እንደ ነበር ልጅ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ሴቲቱን በማዳመጥ ላይ ሳለም የልጅቱ መሞት ተሰማ። እንግዲህ የሰውን ታሪክ እስከ ፍጻሜው መስማት ዋጋ የማያስከፍል ነገር አይደለም። ጌታችን ዋጋውን እያወቀ ሰማ፤ ከዚያም ወደ ኢያኢሮስ ቤት ሄዶ ልጅቱን አስነሣ።

አካሏ አስቀድሞ ድኖ ነበርና ለምን አስቆማት? በገዛ አገሯ እንደ ርኩስ ተቆጥራ 12 ዓመት የኖረች ሴት፣ ደሟ ስለ ቆመ ብቻ ወደ ሰው መካከል አትመለስም። ማንም ያልሰማው ነገር በውስጧ ነበረ። ጌታችን ያንን በአደባባይ ሰምቶ ልጄ ብሎ ጠራት። አንድ ሌላ ነገርም እጨምራለሁ። ስለ ሐኪሞቹና ስላለቀው ገንዘብ ወንጌላዊው ሊያውቅ የቻለው ከራሷ አንደበት ከወጣው ሳይሆን አይቀርም። ለእኛ የሚጠቅመውን አስተላለፈልን፤ ስሟንና መንደሯን ግን አልጻፈም። ስለዚህ ጉዳይ ኋላ እመለስበታለሁ።

በዘመናችን የሰውን የሕይወት ታሪክ ሰምቶ መመርመር በትምህርት ዓለም ራሱን የቻለ የጥናት ዘዴ ሆኗል። በቁጥርና በሠንጠረዥ የማይያዘውን ነገር ለማወቅ ተመራማሪዎች ሰውየው ኑሮውን በራሱ አነጋገር እንዲተርክ ይጠይቃሉ፤ ያሉትን ብቻ ሳይሆን ከየት እንደ ጀመሩ፣ ምን እንደ ዘለሉ፣ የት ላይ ዝም እንዳሉ ይመረምራሉ። በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሪታ ቻሮን የተባሉ ሐኪም ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የሕክምና ተማሪዎች የሕመምተኛውን ትረካ መስማትን እንደ አንድ ሙያ እንዲማሩ ሲያስተምሩ ቆይተዋል። ማርቆስ የሚነግረን ሴት ብዙ ሐኪሞችን ማየቷን ስናስብ፣ ትምህርቱ ዘግይቶ መጣ ከማለት በቀር ምን እንላለን?

ዘዴው ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በቀድሞው አጠራር የቢቸናና የሞጣ አውራጃዎች ወደምንለው አገር እንመልከት። ሮብ ገበያ ስሙ እንደሚነግረን የረቡዕ ገበያ ነው። ወደ እንዲህ ያለ ገበያ የሚወጣ ሰው እህሉንና በጉን ብቻ ይዞ አይሄድም፤ ወሬም ይዞ ሄዶ ወሬ ይዞ ይመለሳል። ማን እንደ ሞተ፣ ማን እንደ ታረቀ፣ የማን ሙግት ከምን እንደ ደረሰ የሚታወቀው እዚያ ነው። በዚህ አገር አንድን ዕድሜ ጠገብ ሽማግሌ ስለ 1960 ዓ.ም. ብትጠይቁት ንግግሩን ከአዋጅ ቁጥር አይጀምርም። በዚያ ዓመት የቢቸና፣ የሞጣና የደብረ ማርቆስ ገበሬዎች በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ተነሥተው ነበር። መንግሥት ጦር እስከ ማዝመት ደረሰ፤ በኋላም ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ። የመዝገብ ቤት ወረቀት ስለ ግብር ያወራል፤ ሽማግሌው ስለ ርስት ያወራል። መሬቱ ከተለካ ርስቱ ይወሰዳል፣ ባለርስቱም ጭሰኛ ይሆናል ብሎ ሕዝቡ መስጋቱን ሳይሰሙ የዚያን ዓመት ነገር ማንም ሊረዳው አይችልም። የታሪክ ሊቁ ገብሩ ታረቀ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ የጎጃሙን አመፅ ከትግራይና ከባሌው ጋር አስተያይተው ሲመረምሩ፣ ነገሩን ከገበሬው ወገን ሆኖ ማየት ምን ያህል እንደሚገባ አሳይተዋል።

ስለ አገራችን የትረካ ሥራ ሲነሣ የአለቃ ለማን መጽሐፍ ሳያነሡ ማለፍ ነውር ይመስለኛል። ደራሲው መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብለው በ1959 ዓ.ም. አሳተሙት። የልጁ ትልቅ ሥራ የአባቱን አነጋገር አለማረሙ ነው። አባት እንደ ተናገሩ ተናግረዋል፤ ልጅ የመጽሐፍ ቋንቋ አላለበሳቸውም።

አሁን ከዚሁ ከምሥራቅ ጎጃም ምድር ወደ ወጡት ወደ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል እንምጣ። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1791 ገደማ በመርጡለ ማርያም አቅራቢያ በምትገኘው በዲቦ ነው። በልጅነታቸው አንድ ዐይናቸውን አጡ፤ በመርጡለ ማርያም ገዳም ተምረው መነኰሱ። የምንኩስና ሥርዓት ለምን እንደ ደከመ ማወቅ ፈልገው ከገዳም ወደ ገዳም እየዞሩ መጻሕፍትን መረመሩ፤ መነኮሳትንም ጠየቁ። ስለዚህ እርሳቸው ራሳቸው ጠያቂና አዳማጭ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1841 ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ ከሄደው መልእክት ጋር ሲጓዙ ከቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ አገሩ አቡነ ያዕቆብ ብሎ ከሚጠራቸው ጋር ተገናኙ። መልእክተኞቹ ከግብፅ አልፈው እስከ ሮም ደረሱ፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛም ተቀበሏቸው። ይሁን እንጂ አባ ገብረ ሚካኤል ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድ የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1844 ነው። ሦስት ዓመት ያህል ማለት ነው። አቡነ ያዕቆብ አላጣደፏቸውም። ሊቁ ጥያቄያቸውን፣ ጥርጣሬያቸውንና የቆየ ትምህርታቸውን አውጥተው እስኪጨርሱ ጠበቁ። በአንድ የጾም ወራት አዲስ ተማሪ አብቅተን ለጥምቀት ለማቅረብ የምንቻኰል ሁሉ ይህን ሦስት ዓመት ብናስበው መልካም ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ እስራቱ፣ ግርፋቱ፣ በሰንሰለት ታስረው ከጦሩ ጋር መንከራተታቸው፣ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. ነሐሴ 28 ቀን 1855 ማረፋቸው። ብፅዕናቸው የታወጀው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 1926 በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ነው። በመካከሉ 71 ዓመት አለፈ። በ1855 የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው በዚያ ቀን በሕይወት ቢገኝ ዕድሜው ከ90 ዓመት በላይ ይሆን ነበር። ታሪኩ ለእኛ የደረሰው ያዩት ሰዎች በጊዜው ስለ ተናገሩና የተናገሩትም ስለ ተጻፈ ነው። የአቡነ ያዕቆብ ደቀ መዝሙር አባ ተክለ ሃይማኖት ዘዓድዋ በዐይናቸው ያዩትን ስለ መምህራቸው የተረኩበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1914 በፓሪስ በፈረንሳይኛ ታትሟል። የላዛሪስት ማኅበሩ አባ ኩልቦም ስለ አባ ገብረ ሚካኤል ሰማዕትነት እ.ኤ.አ. በ1902 መጽሐፍ አሳትመዋል።

ቤተ ክርስቲያን አንድን ሰው ብፁዕ ወይም ቅዱስ ብላ ከማወጇ በፊት የምታደርገው ምርመራ፣ እንደ እኔ እምነት፣ የሰውን ትረካ ለመመርመር ከተሠሩት ሥርዓቶች ሁሉ እጅግ ጥንቃቄ ያለበት ነው። ምስክሩ ብቻውን ይጠራል፤ ይምላል፤ ይጠየቃል። ያየውን ነው የሚናገረው ወይስ የሰማውን? ከሰማስ ከማን ሰማ? ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1983 ሥርዓቱን ባሻሻሉበት ጊዜም ይህ ጥያቄ አልቀረም። የሚያመሰግኑ ብቻ ሳይሆኑ የሚቃወሙም ካሉ ሊሰሙ ይገባል። ፍቅር ብቻውን ምስክር አይሆንምና፤ የሚወድ ሰው ሳያውቀው ይጨምራል፣ የሚጠላም ሳያውቀው ይቀንሳል።

ይህ ነገር በእኛ አገር ምን ማለት እንደ ሆነ ሳልሸሽግ ልናገር። የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልን ታሪክ ስንተርክ ያሳሰሯቸው አቡነ ሰላማና ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። እነዚሁ ሰዎች ግን በጎረቤታችን ቤት በሌላ መልክ ይተረካሉ። ለኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አቡነ ሰላማ የእምነታቸው ጠባቂ ናቸው፤ ዐፄ ቴዎድሮስም አገሩ ሁሉ በጀግንነት የሚያነሣቸው ንጉሥ ናቸው። በጎጃም እኛ ጥቂቶች ነን፤ በአንድ ዕድር አብረን እንቀብራለን፣ በአንድ ገበያ አብረን እንገበያያለን። መምህሩ የሰማዕቱን ታሪክ ያሳንስ አልልም። የጎረቤቱን እናት በሚያሳዝን ቃል አይተርከው ነው የምለው። ሰማዕቱ ለእውነት ሲሉ መከራ ተቀበሉ እንጂ እኛ የምንሰድብበትን ምክንያት ሊተዉልን አልሞቱም።

አሁን ወደ ዕለት ሥራችን። ከመምህራን ብዙዎቻችሁ በየቤቱ እየሄዳችሁ የሰው ታሪክ ትሰማላችሁ። አንዳንዴ ለትምህርት የሚሆን ምስክርነት ፍለጋ፣ አንዳንዴ ደግሞ ለእርዳታ ሥራ ሪፖርት ነው። ለጋሾች በየጊዜው የስኬት ታሪክ ይጠይቃሉ፤ ከፎቶግራፍ ጋር። ለጋሹ ገንዘቡ ምን እንደ ሠራ ማወቁ ተገቢ ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ገብታችሁ ስትጠይቁ፣ ወረቀቱ የሚፈልገው ታሪክ አስቀድሞ ተሠርቶ ይጠብቃችኋል፤ መጀመሪያው ችግር፣ መካከሉ እርዳታ፣ መጨረሻው ምስጋና ነው። የእርሷ ታሪክ ግን ወደዚያ ላይሄድ ይችላል። ምናልባት የሚያስለቅሳት ረኀቡ ሳይሆን የወንድሟ ዝምታ ይሆናል። ምናልባት ዶሮዎቹ አልቀው እዳው ቀርቷል። እርሷ ያልተናገረችውን ምስጋና በአፏ ማኖር ሐሰት ነው፤ ለመልካም ሥራ ስለ ዋለ እውነት አይሆንም።

ስለዚህ ለምን እንደምትጠይቋት፣ የምትነግራችሁን ማን እንደሚያነብበው አስቀድማችሁ ንገሯት። ስትናገር አታቋርጧት፤ ደብተሩ ላይ ካጎነበሳችሁ ፊቷን አታዩምና ከወጣችሁ በኋላ ብትጽፉ ይሻላል። የጻፋችሁትን ደግሞ ተመልሳችሁ አንብቡላት። ይህ አይጻፍ ካለች ይሰረዝ። እዚህ ላይ የማርቆስን ሥራ አስቡ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በሆነው ግጭት ብዙ ቤት ሐዘን ገብቷል፤ ማን ምን እንደ ተናገረ መታወቁ በራሱ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። ስምን ማስቀረት ብቻ አይበቃም። መንደሩ፣ የልጆቹ ቁጥር፣ የባልየው ሥራ ከተጻፈ ጎረቤት ሁሉ ያውቃታል። ፎቶግራፉማ አይነሣ።

በጉባኤ ፊት ለምስክርነት የሚጠሩትም እንዲሁ። ቅዱስ ጳውሎስ በደማስቆ መንገድ የሆነበትን ነገር በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 22 ለኢየሩሳሌም ሕዝብ፣ በምዕራፍ 26 ለንጉሥ አግሪጳ ራሱ ተርኳል፤ አተራረኩ እንደ ሰሚዎቹ ይለያያል። ሁለቱንም ጊዜ ጊዜውንና ሰሚውን አይቶ የተናገረው እርሱ ነው። እኛ ግን ከመጠጥ የተመለሰውን ወጣት በየበዓሉ እያስነሣን ያንኑ ውድቀቱን እናስደግመዋለን። ሰውየው ከዚያ ወዲህ አግብቷል፣ ወልዷል፣ ልጁም ከፊት ወንበር ተቀምጦ ይሰማል። ዛሬ ስለ ልጁ መናገር ይፈልግ እንደ ሆነ ማን ጠየቀው?

መናገር የማትፈልግ ሴትም ትኖራለች። እርዳታው በታሪኳ ዋጋ የሚሰጥ እንዳይመስላት፣ እህሉ ወይም ብርድ ልብሱ ጥያቄ ሳይነሣ ቀድሞ ይሰጣት። ስሟ በእርዳታው መዝገብ ላይ እንደ ሌሎቹ ይጻፍ፤ በሪፖርቱ ላይ የታሪክ ማስፈሪያው ቦታ ባዶውን ይሂድ።