ድመት ለምን አትመነኩስም?

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» እያልን ስንተርት ኖረናል። ተረቱ የተሰነዘረው በሰው ላይ ነው፤ ቆቡን ደፍቶ ልቡ ከድስቱ ላልተላቀቀ አስመሳይ። ለምሳሌነት ለቀረበችው ድመት ግን ጠበቃ አልቆመላትም። ለመሆኑ መንኩሺ ያላት ማን ነው? ቆቡንስ ማን ደፋላት?

ጥያቄው ቀልድ ይመስላል። ሁዳዴ በገባ ቁጥር ግን በብዙ ቤት ከምር ይነሳል። ማጀቱ ከሥጋና ከወተት ይጸዳል፤ ቤተሰቡ 55 ቀን ይጾማል፤ ለድመቷም በሽሮ የራሰ እንጀራ ይቀርብላታል። ጎረቤታችን እትዬ ይህን ሲናገሩ ደስታቸው በፊታቸው ላይ ይነበባል፤ «እኔ ቤት እኮ ልጄ፣ ድመቷም ጾመኛ ናት!»

በበኩሌ የእትዬን ደግነት አልክድም። ከሚበሉት አካፍለዋል፤ በእኛ ዘንድ ከዚህ የሚበልጥ ደግነት የለም። ይሁንና ነገሩን እናጢነው። ከራስ ማዕድ ማካፈልና ተቀባዩን መመገብ አንድ ነውን?

ሰው ሽሮ እየበላ ጾሙን በጤና ይፈጽማል። ውሻም ከሰው ጋር በኖረበት ረጅም ዘመን እህል መፍጨት ለምዷል። ድመት ግን ሥጋ በል ሆና ቀርታለች። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ የድመት ሰውነት በበቂ መጠን ሊሠራው ስለማይችል ከሥጋና ከዓሣ ማግኘት አለባት፤ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ታውሪን ያጣች ድመት የዓይኗ ብርሃን ተቀባይ ሕዋሶች እየሞቱ እንደምትታወር በ1975 እ.ኤ.አ. ታወቀ። በ1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ እጦቱ የልቧን ጡንቻ እንደሚያደክም፣ ልቧንም እንደሚያሰፋ ተረጋገጠ። ጉዳቱ ቀስ እያለ ስለሚመጣ ባለቤቷ አያይም። ሽሮው ውስጥ ያለው ቀይና ነጭ ሽንኩርትም ቀይ የደም ሕዋሶቿን የሚያፈርስ መርዝ ነው። እንግዲህ እትዬ ለድመታቸው የሰጡት የራሳቸውን ጽድቅ እንጂ የእርሷን ምግብ አልነበረም።

«አይጥ ይዛ ትብላ፤ ካጠገቧት ትሰንፋለች» የሚሉም አሉ። ይህ የጥንቱ ውል ነው። በቆጵሮስ ደሴት 9,500 ዓመት ግድም ባስቆጠረ መቃብር ውስጥ ሰውና ድመት ጎን ለጎን ተቀብረው ተገኝተዋል። ገበሬው እህል አከማቸ፤ እህሉ አይጥን ጠራ፤ አይጡ ድመትን ጠራ። ድመቷ ደመወዟን ራሷ እያደነች ትወስድ ነበር። የጠገበች ድመት ትሰንፋለች የሚለውም ብዙ አያስኬድም፤ በድመት ዘንድ የማደን ፍላጎትና ረሃብ የተለያዩ ናቸውና ጠግባም ታድናለች። ዛሬ ግን በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በር ዘግተን ስናኖራት ደመወዟን ከለከልናት። በሩን የዘጋ ሰው ደግሞ ስለ ምግቡ ተጠያቂ ነው።

ታዲያ ምን እናብላት? አቅም ያለው የተሟላ የፋብሪካ ምግብ ይገዛል። ሌላው ወደ ሉካንዳ ጎራ ይላል። ልብ በታውሪን የበለጸገ ነው፤ ቅርጥራጭ ሥጋና ሳንባ በርካሽ ይገኛሉ፤ ጉበት ግን ጥቂት ብቻ ይጨመራል፤ ሲበዛ በውስጡ ያለው ቪታሚን ኤ አጥንቷን ያበላሻል። ሁሉም ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬና ያለ ሽንኩርት በጥቂት ውኃ ይቀቀላል። ታውሪን ወደ ውኃው ስለሚወጣ መረቁ አይደፋም። ሥጋ ካልሲየም ያንሰዋልና ታጥቦና ደርቆ እንደ ዱቄት የላመ የእንቁላል ቅርፊት፣ ለግማሽ ኪሎ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ይጨመርበታል። የበሰለ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ስለሚወጋ አይሰጥም። ይህም ቢሆን ፍጹም አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የሚገኙ ተመራማሪዎች 114 ያህል የቤት ውስጥ የድመት ምግብ አሠራሮችን መርምረው ሁሉንም ያሟላ አንድም አላገኙም። ስለዚህ ሁልጊዜ በቤት የሚቀቅል ሰው የእንስሳት ሐኪም ያማክር። ቅን ልብ ብቻውን አይበቃም፤ ማወቅም ያስፈልጋል።

እትዬ ይህን ስነግራቸው በጾመ ነነዌ መለሱልኝ። «በነነዌ እንስሳቱም ጾመው የለም እንዴ?» ጥሩ መልስ ነው። ንጉሡ ሰውም ከብትም አንዳች እንዳይቀምስ አውጇል። የዮናስ መጽሐፍ ግን በአዋጁ አያበቃም፤ የሚያበቃው እግዚአብሔር ለከተማይቱ ሕዝብና ለብዙ እንስሳዋ ሲራራ ነው። አዋጁ የንጉሡ ነበር፤ ርኅራኄው የእግዚአብሔር።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ ግን በግቢዬ በር መጣብኝ። አንድ ቀን ሳንባ ስቀቅል ሽታው የሳበው አንድ የሊስትሮ ልጅ በሩ ላይ ቆመና «ለማን ነው?» አለኝ። «ለድመቷ» ለማለት አፌ እምቢ አለኝ። «ለቤት ነው» አልኩት። እንጀራ በወጥ ሰጥቼ ሸኘሁት፤ ውሸቴን ግን እንጀራው አልሸፈነልኝም።

ለምን ዋሸሁ? ልጁና ድመቷ በአንዲት ቁራሽ ላይ ቢገናኙ ቁራሿ የልጁ ናት፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ዳሩ ግን ድመቷ ሽሮ ብትበላ ልጁ አይጠግብም። የእርሱ ረሃብ የሚከሰው የድመቷን ሳህን ሳይሆን የእኔን ትሪ፣ የእኔን ቡና፣ የእኔን ድግስ ነው። በእነዚህ ሁሉ ጊዜ ትዝ ሳይለኝ በድመቷ ድስት ላይ ብቻ ድሃን ማስታወሴ ፍርደ ገምድልነት ነው። ድሃው ለሌላው ላለመስጠት ማመካኛ ሆነ እንጂ ምን ተጠቀመ?

የባሰው ግን ሌላ ነው። ለድመቷ የሚያስፈልጋትን ለማወቅ ብዙ ደክሜያለሁ፤ አንብቤያለሁ፤ ሐኪም ጠይቄያለሁ። ያን ልጅ ግን «ምን ጎደለህ?» ብዬ አልጠየቅሁትም። ምናልባት የሚሻው እንጀራ ሳይሆን ደብተር ነበር፤ ምናልባት መድኃኒት። እኔ ከእጄ የቀረበውን ሰጥቼ፣ ደግ እንደ ሠራሁ ቆጥሬ በሬን ዘጋሁ፤ ልክ እትዬ ለድመታቸው እንዳደረጉት። ልዩነታችን እርሳቸው አለመዋሸታቸው ብቻ ነው።

ድመት አትመነኩስም። ምንኩስና ፈቅዶ መተው ነው፤ እርሷ ደግሞ ልትተወው የምትችለው ነገር አልተሰጣትም። ዓመሏን ባትረሳ ኃጢአት የለባትም። የምንረሳው እኛ ነን፤ የምንሰጠውን ስናይ የምንሰጠውን ፍጥረት የምንረሳ።