ሞተሩ ከመውረዱ በፊት

በላስታ አገር አንድ ባለመኪና ነበር። ዋና ሀብቱ ከእርዳታ ድርጅት ጨረታ የገዛት አንዲት ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ናት። ሞተሯ መካኒኮች «ዋን ኤች ዜድ» የሚሉት ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የናፍታ ሞተር ነው። ቶዮታ ይህን ሞተር ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲገጥመው ኖሯል፤ ቱርቦ የለው፣ ኤሌክትሮኒክስ አይበዛበት። ናፍታና ንጹሕ ዘይት ካልጎደለበት ዕድሜው ረጅም ነው። ንጹሕ አየርም ይፈልጋል፤ ይህን የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ሰው ነው።

መኪናዋን የሚነዳው የእህቱ ልጅ ነው። በገና ሰሞን ተሳላሚ ከጋሸና ወደ ላሊበላ ያመላልሳል፤ በሌላው ጊዜ እህል ይጭናል፤ ምጥ የጠናባት ሴት ካለችም ሌሊት ተነሥቶ ሆስፒታል ያደርሳል። አንድ ዓመት ታዲያ መኪናዋ ዳገት ላይ ትደክም ጀመር። ጭሷ ሰማያዊ ሆነ። ዘይት መጠጣቷም ከመብዛቱ የተነሣ ልጁ ከወንበሩ ሥር የዘይት ጀሪካን ሳይዝ አይወጣም።

ባለመኪናው መካሪ አላጣም። አንዱ፣ «ሽጣትና ተገላገል» አለው። ሌላው፣ «አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሂድና ያገለገለ ሞተር ገዝተህ ቀይርላት» አለ። ሦስተኛው፣ «አስወርደህ አሳድሰው» አለ። ሁሉም እውነት አላቸው። የታመመች መኪና ግን የምትሸጠው በገዢው ዋጋ ነው። ያገለገለ ሞተር ቶሎ ሥራ ያስጀምራል፤ በማን እጅ እንዴት እንደኖረ ግን ሻጩም አያውቅ፤ በዚያ ላይ ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ስለሚለወጥ ቢሮ ያመላልሳል። ማሳደስ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ የሚያድሰው እጅም መታመን አለበት።

ሰውየው ሐሳቡ ቢበዛበት የእህቱን ልጅ አስከትሎ ወልድያ ወደሚገኙ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄደ።

«ጋሼ፣ ልቀይረው ወይስ ላሳድሰው?»

«ምን ገደለው?» አሉት።

«እርጅና ነዋ!»

ሽማግሌው መልስ አልሰጡም። ሞተሩን አስነሥተው የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍቱ ጭስ ፉት ፉት እያለ ወጣ። «ፋሻው አልቋል» አሉ። ሞተሩን አጠፉና ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ፈቱ። ነጭ ጨርቅ በጣታቸው ጠቅልለው ውስጡን ጠረጉት። ጨርቁ እንደ ሽሮ የደቀቀ አቧራ ይዞ ወጣ። ይህ አቧራ ፊልትሮውን ካለፈ በኋላ ያለ አቧራ ነው፤ እዚያ ቦታ ቅንጣት መገኘት አልነበረበትም። ቱቦውን ገለበጡት። ከሥሩ፣ ዓይን በማያየው በኩል፣ ሁለት ጣት የሚያህል ቀዳዳ አለ፤ በካላማዳሪያ ቁራጭ ተጠምጥሞ ነበር፤ ካላማዳሪያው ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«ይህ ሞተር በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር ከ3,000 ሊትር በላይ አየር ይስባል» አሉ ሽማግሌው። «በጋሸና ኮረኮንች ላይ ከዚህ ቀዳዳ የገባው አፈር ነው ፋሻውንም ሲሊንደሩንም ሞርዶ የበላው። ነገ አዲስ ሞተር ብትገጥምም ይኸው ቱቦ ይጨርስልሃል።»

ባለመኪናው ወደ ልጁ ዞረ።

«ማነው ይህን የጠመጠመው?»

«እኔ ነኝ።»

«መቼ?»

«አምና፣ ከጥምቀት በኋላ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

ልጁ ቆየ። ከዚያ፣ «ጋሼ፣ የፍሬን ሸራው አልቋል ያልኩዎት ጊዜ፣ ‹አንተ ነህ የጨረስከው› ብለው ዋጋውን ከደመወዜ ቆረጡ» አለ።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች የሚያመሰግኑት በአንድ ጨርቅ በሽታውን ያገኙትን መካኒክ ነው። ሊመሰገኑም ይገባል። እኔ ግን የሚበልጥብኝ ባለመኪናው ቀጥሎ ያደረገው ነው። ሀብቱ በዓይኑ ፊት አልቆ፣ ያጠፋው አጠገቡ ቆሞ፣ ቢጮህ ማንም አይፈርድበትም ነበር። ቢጮህ ግን የሚሰማው ነገር እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። እሱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና፣ «እኔ የማላውቀው ሌላስ ምን አለ?» አለ።

ልጁ መጀመሪያ ፈራ፤ ከዚያ ተናገረ። ከኋላው ባልስትራ አንዱ ቅጠል ተሰብሯል። ራዲያተሩ ዳገት በወጣ ቁጥር ውሃ ይጎድልበታል። ዳሽቦርዱ ላይ «ቤልት ይቀየር» የምትለዋ መብራት ከበራች ቆይታለች፤ ባለመኪናው እንዳያያት አምፖሏን አውጥቷታል።

እጃቸውን እየጠረጉ የነበሩት ሽማግሌ እዚህ ላይ ቀና አሉ። በዚህ ሞተር ላይ ይህ የታይሚንግ ቤልት ከተበጠሰ ፒስተኑ ቫልቮቹን ይመታል፤ ያኔ ማሳደስ የሚባለው ምርጫ ራሱ ሊቀር ይችላል። ዳገት ላይ፣ ሌሊት፣ የምታምጥ ሴት እንደተጫነች ሊሆን ይችል ነበር።

የሞተሩ ነገር የተወሰነው ከዚህ በኋላ ነው። ሽማግሌው ከመኪናዋ ሥር ገብተው ሻንሲውን በመዶሻ እየመቱ አዳመጡት፤ ደኅና ነበር። ሞተሩም ወርዶ ሲለካ ብሎኩ ስንጥቅ አልነበረበትም፤ ሲሊንደሮቹን አስፍቶ ትልቅ ፒስተን ማስገባት ይቻላል ተባለ። ቤልቱም አብሮ ይቀየራል። ባለመኪናው ለማሳደሻው ሁለት በሬ ሸጠ። ከገንዘቡ ላይ ግን አስቀድሞ ያን የፍሬን ሸራ ዋጋ ቆጥሮ ለልጁ መለሰለት፤ የአዲሱን ቱቦ መግዣም በእጁ ሰጠው።