ሂያጅ ለቀሪ ምን ዕዳ አለበት?

በካኩማ መጠለያ የኖረ ሰው ያገለገለ ዕቃ ምን እንደሆነ ያውቃል። አልጋው፣ ምድጃው፣ የቤቱ ቆርቆሮ ከእርሱ በፊት ሌላ ባለቤት ነበራቸው። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይገዛል። አሮጌ አልጋ ቢሰበር ባለቤቱ መሬት ላይ ይተኛል እንጂ ጎረቤቱን አይጎዳም። ሞተር ሳይክል ግን እንደዚያ አይደለም። ሲበላሽ ገዢውን ብቻ ሳይሆን ከኋላው የተፈናጠጠውንም ይጥላል።

የዛሬው ጥያቄያችን ከዚህ ይነሣል። ያገለገለ ሞተር ሳይክል የሚሸጥ ሰው፣ ገዢው ያላየውንና ያልጠየቀውን ጉድለት የመናገር ግዴታ አለበትን? ሻጩ በሚቀጥለው ሳምንት አገር ለቆ የሚሄድ ቢሆንስ?

በደፈናው ከመከራከር አንድ ጉድለት መርጦ መመርመር ይሻላል። የፊት ሹካውን፣ መካኒኮች ሾክ የሚሉትን፣ ዘይት እንውሰድ። የፊቱን ጎማ የያዙት ሁለት እግሮች ናቸው። እያንዳንዱ እግር አንዱ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተት ጥንድ ቱቦ ሲሆን በውስጡ ሞላና ዘይት አለ። መንገዱ ጉድጓድ ሲሆን ክብደቱን የሚሸከመው ሞላው ነው። ነገር ግን ሞላ ብቻውን ከተተወ የተቀበለውን መልሶ ይወረውራል። ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎች እየተገፋ ሲያልፍ ያን ጉልበት ወደ ሙቀት ለውጦ ያረጋጋዋል። በዘይት የሚረጋጋ ባለ ቱቦ ሹካ ለገበያ በቀረበ ሞተር ሳይክል ላይ የታየው በ1935 እ.ኤ.አ. በጀርመኑ ቢ ኤም ደብሊው አር 12 ነበር። ዛሬ በመንደራችን ተሳፋሪ የሚያመላልሱት ቦዳ ቦዳዎችም የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው።

ይህ ዘይት ከጊዜ ብዛት ይደክማል። ከብረቱ የተፋቀ ብናኝ፣ እርጥበትና አቧራ ይቀላቀሉበትና ይጠቁራል፣ ይሸታል። ያን ጊዜ ፍሬን ሲያዝ የሞተሩ ፊት ወደ ታች ይደፋል፤ በጎርባጣ መንገድ ላይም ጎማው ይዘላል። መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ ፍሬን ቢይዙት አያቆምም፣ መሪ ቢያዞሩትም አይታጠፍም። ዘይቱን የሚያግደው የጎማ ቀለበት ካረጀ ዘይቱ በእግሩ ላይ ይወርዳል፤ ወደ ፍሬኑ ከደረሰም አደጋው የከፋ ነው። ይህን ሁሉ መደበቅ ግን ቀላል ነው። ገዢው ከመምጣቱ በፊት እግሩን በጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

ሻጩን የሚደግፍ ክርክር አለ። ገበያ የዐዋቂዎች ቦታ ነው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ዓይን ያለው ይመልከት፣ የማያውቅ መካኒክ ይዞ ይምጣ። ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። ሮማዊው ሲሴሮ በ44 ዓመተ ዓለም ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ ሁለት ፈላስፎችን ያከራክራል። በሮድስ ደሴት ረኀብ ሆኖ ሳለ አንድ ነጋዴ እህል ጭኖ ይደርሳል። ሌሎች መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን ያውቃል። ይናገር ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ዲዮጋን ሕግ ካዘዘው በላይ መናገር የለበትም፣ ዝም ማለትና መደበቅም አንድ አይደሉም አለ። ተማሪው አንቲጳጥሮስ ግን ሰው ከሰው ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ሊናገር ይገባዋል አለ። ሲሴሮ የፈረደው ለተማሪው ነው። በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ጉድለቱን ሆን ብሎ የሸሸገ ሻጭ ከኃላፊነት ነጻ በሚያደርግ የውል ቃል እንዲከለል አይፈቅድም።

ይሁን እንጂ የእኛን ሻጭ በችኮላ አንኮንነው። እውነቱን ቢናገር ዋጋው ይወድቃል፤ ዋጋው ቢወድቅ ልጆቹን ይዞ የሚሄድበት ስንቅ ያንሳል። ድኻ ለድኻ ሲሸጥ የእውነት ዋጋ ከሀብታም ገበያ ይልቅ ይከብዳል። ይህን ያልመዘነ ምክር ባዶ ስብከት ነው።

እኔ ግን ክርክሩ ሁሉ አንድ ሰው የዘነጋ ይመስለኛል። ሻጭና ገዢ ብቻ ተቆጥረዋል። ሦስተኛዋ፣ ሌሊት ምጥ ይዟት ወደ ሐኪም ቤት በዚያው ሞተር የምትጫነው ሴት፣ በውሉ ላይ አልነበረችም። ዋጋ ስላልተከራከረች ቅናሽ አላገኘችም፤ እግሩን ጎንበስ ብላ እንድትመረምርም ማንም አይጠብቅባትም። ገዢው ባለመጠርጠሩ ይወቀስ ቢባል እንኳ እርሷ በምን ትወቀሳለች? እንግዲያው የሻጩ ዝምታ ለገዢው ብቻ የሚከፈል ዕዳ አይደለም።

«እኔ እሄዳለሁ፣ ከእንግዲህ አላያቸውም» የሚለውስ? ከስደት ኑሮ ክፉ ትምህርቶች አንዱ ይህ ነው። ሁሉ ነገር ጊዜያዊ ነው ስለምንል ጉድጓዱን አንደፍንም፣ ዘይቱን አንለውጥም። ካኩማ ግን ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ በጊዜያዊው ቦታ ተወልደው ለወላጅነት የበቁ አሉ። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የስደተኞች ቅበላውን ሲያቋርጥ የብዙዎች በረራ ተሰረዘ። ዕቃውን ሸጦ የጨረሰ ሂያጅ በአንድ ሳምንት ቀሪ ሆነ። ምናልባትም በሸጠው ሞተር ላይ ከኋላ ተፈናጠጠ። ይህን የማነሣው ግዴታችን ከፍርሃት የሚመነጭ ነው ለማለት አይደለም። አውሮፕላኑ ቢነሣም የተሳፋሪዋ መብት ያው ነው። ነገር ግን በሂያጅና በቀሪ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ወረቀት ብቻ መሆኑን አይተናል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሥራው ከአቅም በላይ አይደለም። ሞተሩን የፊቱ ጎማ ከመሬት እስኪነሣ በጽኑ ነገር ላይ ማቆም፤ የላይኛው ክዳን ሲፈታ ሞላው ስለሚገፋ ፊትን ማራቅ፤ አሮጌውን ዘይት ቱቦውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ጨርሶ ማፍሰስና በአሸዋው ላይ ሳይሆን በዕቃ ማጠራቀም፤ ከዚያም አምራቹ ያዘዘውን ዓይነት፣ ያዘዘውን መጠን በሲሪንጅ ለክቶ በሁለቱም እግሮች እኩል መጨመር ነው። ከመጠን በላይ መሙላት ደግነት አይደለም፤ ለአየር የሚቀረው ቦታ ሲጠብ ግፊቱ የጎማ ቀለበቱን ያበላሻል። ገንዘብ የሌለው ሻጭ ደግሞ ገዢውን ጠርቶ የፊቱን ፍሬን ያሲዘው፣ መሪውን ወደ ታች ያስጫነው። ሞተሩ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ካልረጋና እየዘለለ ከቀጠለ፣ «ዘይቱ አልቆለታል፤ የዘይቱን ዋጋ ቀንስ፣ ተሳፋሪ ሳትጭን ግን አስለውጥ» ይበለው። ስንቁ የሚጎድለው በዘይት ዋጋ ብቻ ነው።

ከዚህ የተለየ ሐሳብ ያለው፣ በተለይም ሞተር ሸጦ የሚያውቅ ወገን፣ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን። ሻጩ የተከራከረበትን እኔ የተከራከርኩለት እንጂ ራሱ ሲናገር ገና አልሰማነውም።