ከበሩ ውጭ የሚደረግ ግዢ፦ የአቅርቦት ሰንሰለት ትምህርትና የፍትሕ ጥያቄ በሐረር

የአቅርቦት ሰንሰለት ሥራ አመራር የሚባለው የጥናት ዘርፍ፣ ምርት ከማሳ ተነሥቶ ተጠቃሚው እጅ እስኪደርስ የሚያልፍበትን ግዢ፣ ክምችት፣ ማጓጓዝና ስርጭት እንደ አንድ ተያያዥ ሥራ የሚመረምር ሲሆን፣ በኢትዮጵያ በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ከሚሰጡት ተቋማት አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ነው። ዘርፉ በዚህ ስያሜ መታወቅ ከጀመረ ግማሽ ምዕት ዓመት እንኳ ባይሞላውም፣ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ግን እንደ ሐረር ባሉ የንግድ ከተሞች እጅግ የቆዩ ናቸው። ከጥያቄዎቹ ሁሉ የሚከብደው፣ አንዱ ወገን የሚያውቀውን ሌላው ባለማወቁ ብቻ የሚገኝ ትርፍ በፍትሕ ፊት እንዴት ይታያል የሚለው ነው።

ሐረር፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ እንዳሠሩት በሚነገረው የጀጎል ግንብ ተከባ፣ ከዘይላና ከበርበራ ወደቦች የሚመጣውን የባሕር ማዶ ሸቀጥ ከውስጥ አገር ቡናና ቆዳ ጋር በ5 በሮቿ ስታገናኝ ኖራለች። ከሩቅ የመጣ ሲራራ ነጋዴ በሩን አልፎ ገበያ እስኪደርስ ድረስ የዕለቱን ዋጋ አያውቅም፤ የከተማው ሰው ግን ያውቃል። ይህን ልዩነት በተመለከተ በቡኻሪና በሙስሊም የሐዲስ ስብስቦች የተላለፈ ክልከላ አለ፤ ነቢዩ መሐመድ፣ ቅፍለት ገበያ ሳይደርስ መንገድ ላይ ተቀብሎ ዕቃውን መግዛትን ከልክለዋል። የሕጉ ዓላማ ማንን መጠበቅ ነው በሚለው ግን ሊቃውንቱ ተለያይተዋል። የማሊክ መዝሀብ በዋናነት የሚያየው የገበያውን ሕዝብ ነው፤ ዕቃው በጥቂቶች እጅ ከገባ ከተሜው ተወዶበት ይገዛልና። ሐረሪዎች የሚከተሉት የሻፊዒ መዝሀብ፣ ማለትም ከአራቱ የሱኒ የሕግ አስተምህሮዎች አንዱ፣ የሚያተኩረው በሻጩ ላይ ሲሆን፣ ገበያ ደርሶ በዋጋ እንደተጎዳ ካወቀ ሽያጩን የማፍረስ መብት ይሰጠዋል። ሁለቱም ንባቦች እውነት ይዘዋል፤ ይሁንና የሁለተኛው ብልጫ፣ በደልን ከማውገዝ አልፎ ለተበደለው ሰው በእጁ የሚጨበጥ መብት መስጠቱ ነው።

ጥያቄው የአንድ ሃይማኖት ብቻ አይደለም። ሮማዊው ሲሴሮ ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ፣ ረሃብ ወደ ገባባት ወደ ሮድስ ደሴት እህል ይዞ የደረሰ ነጋዴ፣ ሌሎች መርከቦች ከኋላው እንደሚመጡ መናገር አለበት ወይ ብሎ ጠይቆ፣ መናገር አለበት ሲል ፈርዷል። የ13ኛው ክፍለ ዘመን የካቶሊክ ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ በበኩሉ መናገሩ የላቀ ምግባር ቢሆንም ፍትሕ አያስገድደውም ብሏል። የአኩዊናስ ፍርድ በሰላሙ ጊዜ ሊያስማማ ይችላል፤ የተራበ ሕዝብ ፊት ግን አይቆምም።

የዘመኑ ትምህርት ለዚህ ክርክር በራሱ መንገድ ቀርቧል። አሜሪካዊው የሥራ አመራር ምሁር ጄይ ፎረስተር እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጥናት፣ በችርቻሮ ደረጃ የታየች ጥቂት የፍላጎት ለውጥ ወደ ጅምላ ሻጩና ወደ አምራቹ ስትወጣ እየገነነች እንደምትሄድ አሳይቷል፤ ይህም ኋላ የጅራፍ ውጤት ተብሎ ተሰየመ። የሚመከረው መድኃኒት በሰንሰለቱ ያሉ ሁሉ መረጃ እንዲጋሩ ነው። ምክሩ መልካም ነው፤ መሠረቱ ግን ጥቅም ስለሆነ፣ መደበቅ ይበልጥ በሚያተርፍበት ቦታ ትምህርቱ የሚለው ነገር ያጣል።

እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ድሬዳዋ ደርሶ ሐረርን ወደ ጎን ከተዋት ወዲህ ቅፍለትና ገዢ የሚገናኙበት ስፍራ ከጀጎል በሮች ርቋል፤ ችግሩ ግን አልጠፋም። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ዋጋን በሰሌዳና በስልክ ማሳወቁ፣ ገበሬው ከገዢ ጋር ከመገናኘቱ በፊት የገበያውን ዋጋ እንዲያውቅ የሚረዳ በመሆኑ፣ የጥንቱ ክልከላ የፈለገውን በሌላ መንገድ የሚያደርግ ነው። ነገር ግን ቡናው በደረጃና በአካባቢ ተመድቦ ሲቀላቀል፣ በፀሐይ የሚደርቀውን የሐረር ቡና የሚገዛው ሰው ከየትኛው ገበሬ ማሳ እንደመጣ ማወቅ ተሳነው፤ ገበሬውም በተለየ ጥራቱ የሚታወቅበትን ዕድል አጣ።

ከሁሉ የከበደው ግን ከሐረር ብዙም በማይርቀው የአወዳይ የጫት ገበያ የሚታየው ነው። ጫት ራሱ የተፈቀደ ነው ወይስ አይደለም የሚለው የሊቃውንት ክርክር ሰፊ በመሆኑ ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው። ቅጠሉ ቶሎ ስለሚጠወልግ፣ ሻጩ ትክክለኛውን ዋጋ ቢያውቅ እንኳ እስኪሻሻል መጠበቅ አይችልም፤ የሻፊዒ ሊቃውንት የሰጡት ሽያጭን የማፍረስ መብትም፣ ዕቃው ሲመለስለት ዋጋ ያጣ ስለሚሆን፣ ለእርሱ አይጠቅመውም። እዚህ ላይ የፍትሕ ጥያቄ የማጓጓዣ ሰዓት፣ የመንገድና የማቆያ ጥያቄ ይሆናል፤ ያለ ሙያው እውቀት የሚሰጥ የሥነ ምግባር ፍርድ ዕውር እንደሆነ ሁሉ፣ ጉዳዩን የሥነ ምግባር ጥያቄ አድርጎ የማያይ ሙያም የተቸገረውን ሻጭ ቶሎ ለማስጨነቅ ብቻ ይውላል። ለዋጋ ንረት ሁሉ ደላላን መውቀስ የተለመደ ቢሆንም፣ ደላላው ጉልበት የሚያገኘው ከዚሁ የእውቀትና የጊዜ ክፍተት ነውና ክፍተቱ ሳይደፈን እርሱን ማባረር ሌላ ደላላ መተካት ነው።

ስለዚህ ይህን ትምህርት በድኅረ ምረቃ ደረጃ የሚሰጡ መምህራን፣ እያንዳንዱ የመመረቂያ ጥናት ስንት ወጪ እንደተቀነሰ ሲያሰላ፣ ቅናሹ ማን ባለማወቁ ወይም ማን መጠበቅ ባለመቻሉ እንደተገኘም እንዲያሳይ ሊጠይቁ ይገባል፤ የሐረርጌ የቡናና የጫት ንግድም ለዚህ ጥናት ከባሕር ማዶ ከሚመጡት ምሳሌዎች በፊት ሊመረጥ ይገባዋል።