ፍጻሜዋ ያላማረ መርከብ

በእኛ በጎንደር ሽማግሌ ሲመርቅ «ፍጻሜህን ያሳምርልህ» ይላል። ምርቃቱን እወዳለሁ፤ ነገር ግን ምርቃት ሌላ፥ ፍርድ ሌላ ነው። ፍጻሜው ያላማረለት ሁሉ ሥራው ከንቱ ነበር ይባላልን?

«ኢትዮጵያ» የተባለችውን መርከባችንን እንመልከት። በ1936 ዓ.ም. «ኦርካ» ተብላ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ሥራ ስትጀምር፥ ተግባሯ በባሕር ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅና ጥገና ማቅረብ ነበር፤ በጦርነቱም በፊሊፒንስ ውኃ ላይ አገለገለች። በጥር 1954 ዓ.ም. በውሰት ተሰጠችንና ስሟ ተለውጦ፥ መናኸሪያዋን ምጽዋ አድርጋ፥ የባሕር ኃይላችን አውራ መርከብና የዕጩ መኮንኖች መማሪያ ሆነች። ከጣና ታንኳ በቀር ያላየ የደጋ ልጅ በኮከብ እየተመራ በባሕር ላይ መንገዱን ሲያገኝ ምን ማለት እንደ ሆነ እናንተ ወጣቶች አስቡት።

ኋላ የርስ በርስ ጦርነት መጣ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ ወደ የመን ሸሸች፤ በፈረንጆች 1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በዚያው ዓመት ኤርትራ ነጻ ስትወጣ፥ ስሟን ያወረሰቻት አገርም ወደብ አልባ ሆነች።

«ሸሸች» አልሁ እንጂ ብረት አይሸሽም፤ የሚሸሽ ሰው ነው። የመርከበኛ ሕይወት ከብረት ይበልጣልና አልነቅፋቸውም። አንዱ ግን «ታዲያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተደከመባት ለምን ነበር?» ቢለኝ፥ ትምህርቱ በተማረው ሰው ዘንድ ስለ ነበረ ከብረቱ ጋር አልተሸጠም እለዋለሁ። ጣራው የፈረሰውን የአድያም ሰገድ ኢያሱን ግንብ ፍጻሜው አላማረም ብሎ የሚንቅ ጎንደሬ አላየሁም። ለድንጋዩ የሰጠነውን ክብር ለመርከቢቱ ስለ ምን ነፈግናት? ምናልባት ድንጋዩ በደጃችን ስለ ቆመ፥ ብረቱ ግን በሰው አገር ስለ ተሸጠ ይሆናል።